ባለ 56 እንቁላል የመፈልፈያ ማሽን፦ ደሴ ላይ ሁለት ዙር ሞክሬው

ማሽኑን ወድጄዋለሁ። የሸጠልኝን ሱቅ ግን አልወደድኩትም።

እቃው የቻይና ነው። 56 እንቁላል ይይዛል፣ ራሱ ያገላብጣል፣ ክዳኑ ውስጡን ያሳያል። የገዛሁት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው፣ የሱቁን ስም አልጠራም። ዋጋውንም አልጽፍም፤ እኔ ከገዛሁ ወዲህ ሁለቴ ጨምሯል። ሻጩ ልጅ አፉ ቅቤ ነው። «ምን አይነት እንቁላል ነው የምከትበት?» ስለው «አብሽሪ እህቴ፣ የፈለግሽውን ክተቺ፣ እሱ ይፈለፍልልሻል» አለኝ።

አመንኩት። 30 ትልልቅ የፈረንጅ እንቁላል ከሰፈር ሱቅ ገዛሁ። 26 የሐበሻ ደግሞ ከሰኞ ገበያ አመጣሁ። ማሽኑን መኝታ ቤት አስቀምጬ ሌሊት እየተነሳሁ እንደ አራስ ልጅ ሳየው ከረምኩ። ከሱቁ እንቁላል አንድም አልወጣም። ከገበያው 7 ወጡ፣ እነሱም በ20ኛው ቀን፣ እግራቸው ልፍስፍስ ያለ።

ሱቁ ሄጄ ጮህኩ። «ማሽኑ ይሞቃል አይሞቅም?» አለኝ። ይሞቃል። «ያገላብጣል አያገላብጥም?» ያገላብጣል። «ታዲያ ምን ላድርግሽ?» እውነቱን ስለነበረ ይበልጥ ተናደድኩ።

ነገሩ የገባኝ ጎረቤታችን እማማ ሲስቁብኝ ነው። «አውራ ካላያት ዶሮ እንቁላል ምን ልታወጪ ነው ልጄ?» አሉኝ።

ብዙ ሰው እንደኔ የሚሳሳት ይመስለኛል። ዶሮ እንቁላል ለመጣል ወንድ አያስፈልጋትም። ሴት ልጅም በየወሩ ገደማ አንድ እንቁላል ትለቃለች፣ ባል ኖራትም አልኖራትም። የዶሮዋ ልዩነት በየ24 እስከ 26 ሰዓቱ መልቀቋ ነው፣ የእሷ እንቁላል ደግሞ በዓይን የሚታይ፣ እንዲያውም በማንኪያ የሚታፈስ ነው፤ ዋናው አስኳሉ ነውና። ነጩና ቅርፊቱ በኋላ የሚለብሳቸው ልብሶች ናቸው። የአውራው ዘር አስኳሉን ማግኘት ያለበት ነጩ ሳይሸፍነው፣ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ። ቅርፊቱ ብቻ 20 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የእንቁላል ጣይ ዶሮ እርባታዎች ደግሞ አውራ አያስቀምጡም፣ ምን ሊያደርግላቸው? ስለዚህ የሱቁ እንቁላል ለፍርፍር እንጂ ለማሽን አይሆንም። ይህንን ሻጩ በአንድ አረፍተ ነገር ሊነግረኝ ይችል ነበር።

ለሁለተኛው ዙር ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ አጠገብ፣ 8 ዶሮና 1 አውራ ያለው ሰው አገኘሁ። ልሄድ ስል ደውሎ «አውራውን እኮ ለበዓል አረድኩት» አይለኝም? ልተወው ነበር። እማማ ግን «ሂጂ፣ ገና አልረፈደም» አሉ። ልክ ነበሩ። ዶሮ የአውራውን ዘር ሆዷ ውስጥ በጣም ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆይላታል፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያወጣች ትጠቀማለች። የሰው ዘር እኮ ሴቷ ውስጥ ቢበዛ 5 ቀን ቢቆይ ነው። አውራው ከታረደ 4 ቀን የሆነው ነበር፣ ገዛሁ።

እንቁላሎቹን ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። በየኩርባው ልቤ ስንጥቅ ይል ነበር። ቤት ስደርስ ወዲያው አልከተትኳቸውም። ሰፊውን ጫፍ ወደ ላይ አድርጌ ቀዝቀዝ ያለ ጥግ ላይ አሳደርኳቸው። የደሴ ብርድ እዚህ ላይ ጠቀመኝ፤ እንቁላሉ ሲጣል ሽሉ ብዙ ሺህ ህዋስ ሆኗል፣ ግን ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን እድገቱን አቁሞ ይተኛል፣ ሙቀት እስኪያገኝ ይጠብቃል። ለሳምንት ያህል በደህና ይጠብቃል። ፍሪጅ ውስጥ ግን እንዳትከቱ።

አሁን የማሽኑ ጉድለት። ሰሌዳው 37.8 ይላል። ለልጆች ትኩሳት የምንለካበትን ቴርሞሜትር ብከትበት 38.5 አለኝ። ለካ የመጀመሪያዎቹ 7 ጫጩቶች ቀድመው የወጡትና እግራቸው የላላው በዚህ ነው። የሙቀት ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ዝቅ አደረግኩት፣ ከዚያ በኋላ ችግር የለበትም። ሁለተኛ፣ «ባትሪ አለው» ያሉኝ ባትሪ የሚቀጠልበት ሽቦ እንጂ ባትሪ አይደለም። 12 ቮልት ባትሪ ለብቻ ትገዛላችሁ። ሦስተኛ፣ የማገላበጫው ሞተር ሲጢጥ ይላል፤ መኝታ ቤት ማስቀመጥ ስህተት ነበር።

የማሽኑ መመሪያ ወረቀት ላይ ያለው የእርጥበት ልክ ደግሞ ለቆላ ነው የተጻፈው ብል ይሻላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል፣ ስለዚህ እንቁላሉ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ውሃውን ቶሎ ይጨርሳል፣ ሽሉም የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። እኔ ሁለቱንም የውሃ ቦይ ሞላሁ፣ የአየር ማስገቢያውን ደግሞ እስከ መጨረሻው ከፈትኩ።

በ7ኛው ቀን መብራት አጥፍቼ በስልኬ ባትሪ አየኋቸው። 9ኙ ባዶ ነበሩ፣ ጥርት ያለ ቢጫ። የቀሩት 47ቱ ውስጥ ግን እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጋ ቀይ ደም ስር፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ። አንዱ ላይ ነጥቡ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ እጄ ተንቀጠቀጠና እንቁላሉን ልጥለው ነበር። ለማሽኑ ከከፈልኩት ግማሹ ለዚህች ደቂቃ ይሁን።

በ18ኛው ቀን ማገላበጫውን አወጣሁ። በ20ኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። ባትሪው አንድ ሰዓት ተኩል ይዞ ደከመ። ማሽኑን በጋቢ ጠቀለልኩት፣ የሞቀ ውሃ በትንሽ ጄሪካን አጠገቡ አስቀመጥኩ፣ ጆሮዬን ክዳኑ ላይ ደግፌ ተቀመጥኩ። ቅርፊቱ ሳይሰበር ውስጥ ሆነው ጭው ጭው ይላሉ፤ ሰፊው ጫፍ ላይ ካለችው የአየር ኪስ መተንፈስ ጀምረዋል ማለት ነው። መብራት ሲመጣ ሊነጋ ነበር። 34ቱ ወጡ። ገና እርጥብ ሲሆኑ እንዳታወጧቸው፤ የቀረውን አስኳል ሆዳቸው ውስጥ ስላስገቡት አንድ ሁለት ቀን ያለ ምግብ ይቆያሉ።

አንድ ነገር ረስቼ። ሻጩ «ሙቀቱን ትንሽ ዝቅ ካደረግሽው ሴት ይበዛል» ብሎኝ ነበር። ውሸት ነው። ሙቀት ወንድና ሴት የሚወስነው ለአዞና ለብዙዎቹ ኤሊዎች ነው። የዶሮ ጾታ ማሽን ውስጥ ሳይገባ ያለቀ ጉዳይ ነው፣ የሚወስነውም ከእናቲቱ የሚመጣው ክሮሞዞም ነው። በሰው ግን ተቃራኒው ነው፣ ወሳኙ የአባትየው ነው። ይህንን ለእማማ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «አምስት ሴት ወለድሽ ተብዬ ስንት ዓመት ተሰደብኩ» አሉ። ቡናውን ቀዱና ሌላ ወሬ ጀመሩ።

ከ34ቱ 2 ሞቱብኝ። ከቀሩት 32 ውስጥ 19ኙ አውራ ሆነው ቁጭ አሉ፣ ንጋት ላይ ሰፈሩን አያስተኙም። አንዱን እማማ ለበዓል ይዘውታል፣ የቀሩትን ፈላጊ ካለ ይጠይቀኝ። ቄቦቹን አልሸጥም።