ደሴ ግቢዬ ውስጥ የተሠራልኝ የኮይ ዓሣ ኩሬ፦ ከሁለት ክረምት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

በጦሳ ተራራ ግርጌ በሚገኘው ግቢዬ የኮይ ዓሣ ኩሬ ያስገነባሁት በ2015 ዓ.ም. በጋ ላይ ሲሆን፣ ይህን ግምገማ የምጽፈው ኩሬው ሁለት ክረምት ካለፈበት በኋላ ነው። ሥራው ባለቀ በሳምንቱ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ከዳር እስከ ዳር ምስጋና ይሆን ነበር፤ አዲስ የተሞላ ኩሬ ሁሉ ያምራልና። ግንባታውን፣ የዓሦቹን አቅርቦትና የስድስት ወር የጥገና ክትትልን በአንድ ውል የወሰደውን ድርጅት ስም አልጠቅስም። ዓላማዬ ሥራውን መመዘን ነው፤ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ተመሳሳይ ኩሬ ለማሠራት የሚያስብ ሰው ከማንም ጋር ይዋዋል፣ ከመፈረሙ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበት ቢያውቅ እወዳለሁ።

ከግንባታው ልጀምር፤ ያለ ቅሬታ የማመሰግነው እሱን ነውና። ኩሬው 4 ሜትር ርዝመት፣ 2.5 ሜትር ስፋትና 1.2 ሜትር የውሃ ጥልቀት አለው፤ 12,000 ሊትር ይይዛል ማለት ነው። ግድግዳው ከተጠረበ ጥቁር ድንጋይ የተሠራ ሲሆን ውስጡ በሲሚንቶ ተለስኗል። ዋናው ግንበኛ በዕድሜ ጠና ያሉ የኩታበር ሰው ናቸው፤ እያንዳንዱን መደዳ በቱንቢና በውሃ ልክ ሳያረጋግጡ ወደሚቀጥለው አያልፉም ነበር። የኩሬው ከንፈር ከግቢው መሬት 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ያደረጉትም እሳቸው ናቸው፤ ሐምሌና ነሐሴ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ጭቃውን ይዞ ዓሦቹ ላይ እንዳይገባ በማሰብ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ግቢው በሙሉ ቡናማ ውሃ ሲተኛበት የኩሬው ውሃ ጠርቶ መቆየቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ኩሬው ያፈስስ እንደሆነ ለማወቅም ፓምፑን አጥፍቼ፣ የውሃውን ልክ በኖራ አስምሬ ለሁለት ቀን ትቼው ነበር፤ ፀሐይ ከወሰደችው ጥቂት በቀር አልጎደለም።

ስለ ዓሣው ራሱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ቀጥዬ የማነሣቸው ችግሮች ሁሉ ጠባዩን ካለማወቅ የመጡ ናቸውና። ኮይ ማለት ጃፓኖች በኒጋታ አውራጃ የሩዝ ገበሬዎች ዘንድ ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ለቀለሙ እየመረጡ ያራቡት የካርፕ ዓሣ ነው፤ በ1914 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ለኤግዚቢሽን ከቀረበ በኋላ ዝናው በመላ ጃፓን ናኘ። ብዙ ሰው ከወርቃማው ዓሣ ጋር ያምታታዋል፤ ኮይ ግን በአፉ ግራና ቀኝ ሪዝ የሚመስሉ ሁለት ሁለት አጫጭር ክሮች አሉት፣ ወርቃማው ዓሣ የሉትም። በደንብ ከተያዘ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ ዕድሜውም በአሥርተ ዓመታት ይቆጠራል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ስንዝር የማትሞላ ዓሣ የገዛ ሰው፣ ልጁ አድጎ ራሱን እስኪችል ድረስ አብራው የምትኖር ፍጥረት መግዛቱን ማወቅ አለበት።

የድርጅቱ ሰዎች ልምዳቸው ለመስኖ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያና ለቆሮሶ ማርቢያ ኩሬ ነበር። በእኛ አገር ዓሣ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የሐይቅ ቆሮሶ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን የቆሮሶ ኩሬ ውሃው አረንጓዴ ቢሆን ይመረጣል፤ ቆሮሶ ያንን አረንጓዴ ነገር ይመገበዋል፣ አርቢዎችም ሆን ብለው ፍግ ይጨምሩበታል። ኮይ የሚፈልገው ቀን ከሌሊት የሚዘዋወርና በማጣሪያ የሚያልፍ ውሃ ነው። ሰዎቹ ውሃ የሚይዝ ግሩም ጉድጓድ ሠሩልኝ፤ ውሃውን በሕይወት የሚያቆየውን ክፍል ግን እንደ ጌጥ ቆጠሩት።

የመጀመሪያው ጥፋት ችኮላ ነበር። አዲስ ሲሚንቶ ኖራውን ለሳምንታት ወደ ውሃው ይለቃል። ግንበኛው ልስኑን ለአሥር ቀን እርጥብ ጆንያ እያለበሱ ሲያበርዱ፣ «ጋሼ፣ አብሽር ይደርሳል፤ ይህን ሲሚንቶ ግን አያስቸኩሉት፤ ሦስት አራት ጊዜ ሞልተው ያፍስሱት» ብለውኝ ነበር። የሥራው ኃላፊ ግን ኩሬው በተሞላ በአምስተኛው ቀን ሃያ ዓሦች ኦክስጅን በተሞላ ፌስታል ከአዲስ አበባ አስጭኖ መጣ፤ 400 ኪሎ ሜትር የተጓዙ ዓሦችን መልሱ ማለት ስላልቻልኩ ተቀበልኩ። በማግሥቱ ውሃውን በመመርመሪያ ጠብታ ስለካው ፒኤቹ (የውሃው አሲድነት ወይም አልካሊነት መለኪያ) ከ9 አልፎ ነበር። ለኮይ ከ7 እስከ 8.5 ያለው ይስማማዋል። አደጋው የኖራው ማቃጠል ብቻ አይደለም፤ ዓሦች በስንጥባቸው የሚያስወጡት አሞኒያ መርዛማ የሚሆነው እንደ ፒኤቹ መጠን ነው። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውሃ ውስጥ ፒኤቹ 7 ሲሆን ከአሞኒያው መርዛማ የሚሆነው ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ 8 ሲሆን 4 በመቶ ገደማ፣ 9 ሲደርስ ግን ከሩብ በላይ ነው። በዚያ ወር አራት ዓሦች ሞቱብኝ።

ማጣሪያው ደግሞ ገና ባዶ ነበር። ማጣሪያ ሲባል ቆሻሻ የሚይዝ ወንፊት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ግን ውስጡ ባለው ድንጋይና ስፖንጅ ላይ የሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደቀነሰ ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በሚገባ እስኪባዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ እንደ ደሴ ባለ ቀዝቃዛ ውሃ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ይህ ሳይነገረኝ ሃያ ዓሣ በአንድ ቀን መግባቱ በውሉ ላይ ካሉት ነጥቦች ሁሉ የከፋው ነበር። ለአንድ ያደገ ኮይ ቢያንስ 1,000 ሊትር ውሃ ስለሚታሰብ፣ የእኔ ኩሬ ከአሥራ ሁለት በላይ ሊይዝ አይገባውም። ናይትራይቱ ከፍ ባለባቸው ሳምንታት ያተረፈኝ የአፋር ጨው ነው፤ ለ1,000 ሊትር አንድ ኪሎ ሒሳብ በባልዲ አሟሙቼ ቀስ በቀስ ጨመርኩ፤ ጨው ናይትራይት በስንጥብ በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳልና።

ፓምፑን ለብቻው ልገምግመው። ካርቶኑ ላይ በሰዓት 3,000 ሊትር ይገፋል የሚል ተጽፏል። እኔ የ20 ሊትር ጀሪካን ማጣሪያው አፍ ላይ ደቅኜ በሰዓት ስለካው ለመሙላት 45 ሴኮንድ ወሰደ፤ ይህም በሰዓት 1,600 ሊትር ብቻ ነው፤ ካርቶኑ የሚናገረው ፓምፑ ውሃውን ወደ ላይ ሳያነሳ ያለውን አቅም ነውና። በዚህ አካሄድ የኩሬው ውሃ አንድ ጊዜ ለመዞር ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፤ ለኮይ ኩሬ ግን በሁለት ሰዓት አንድ ጊዜ መዞር አለበት። ቅሬታዬን ሳቀርብ ድርጅቱ ሳይከራከር በዋጋ ልዩነቱ ብቻ ትልቅ ፓምፕ ቀየረልኝ፤ አሁን ያው ጀሪካን በ10 ሴኮንድ ይሞላል። ጥፋት ሲነገራቸው የሚያዳምጡ መሆናቸውን በምስክርነት እመዘግባለሁ።

ደሴ ላይ ፓምፕ ከሌላው ቦታ ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ 20 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ወለል ደረጃ በሊትር 9 ሚሊግራም ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ እዚህ ከ7 ሚሊግራም በታች ነው የሚይዘው። አልጌና ሌሎች የውሃ ዕፅዋት ቀን ኦክስጅን ቢሰጡም ሌሊት መልሰው ስለሚወስዱት፣ ውሃው ከሁሉ ይልቅ የሚደኸየው ጎሕ ሲቀድ ነው። በአሮጌው ፓምፕ ዘመን አንድ ቀን ንጋት ላይ ለሰላት ስነሳ ዓሦቹ ሁሉ ውሃው በሚወርድበት ጥግ ተሰብስበው፣ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው እየከፈቱ ሲዘጉ አገኘኋቸው። ከሁሉ የምወዳት ነጭ ገላዋ ላይ ቀይ ያረፈባት ዓሣ ጎኗን ወደ ሰማይ አዘንብላ ነበር። በባልዲ እየቀዳሁ ከከፍታ መልሼ በማፍሰስ እስከ ረፋድ ድረስ ቆየሁ፤ ሁሉም ተረፉ። በዚያው ሳምንት በባትሪና በትንሽ ሶላር የሚሠራ የአየር ፓምፕ ጨመርኩ፤ መብራት ሲጠፋም የሚያገለግለው እሱ ነው። መብራት ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ሲመለስ ማጣሪያው ውስጥ ታምቆ የቆየውን ውሃ ወደ ኩሬው ሳያስገቡ መድፋት ይገባል፤ ሸትቶ ይቆያልና።

የጥገና ክትትሉ የአገልግሎቱ ደካማ ክፍል ነው። በወር አንድ ጊዜ የሚመጣው ወጣት ትጉህና ትሑት ልጅ ነበር፤ ማንም ስላላስተማረው ግን ሬድ አሹን (ቀዳዳማውን ቀይ ድንጋይ) እና ስፖንጁን ከማጣሪያው አውጥቶ በቧንቧ ውሃ አንጽቶ አጠበልኝ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት በወራት የተባዙትን ባክቴሪያዎች በአንድ ከሰዓት ገደላቸው፤ በአራተኛው ቀን አሞኒያው ተመልሶ ሁለት ዓሦች አጣሁ። ማጣሪያ የሚታጠበው ከኩሬው በተቀዳ ውሃ፣ እሱም በከፊል ብቻ ነው። እኔ አሁን በየሳምንቱ ከውሃው አንድ አሥረኛውን እቀይራለሁ፤ በፈረቃ የምናገኘውን የቧንቧ ውሃ ሮቶ ውስጥ አጠራቅሜ፣ በአየር ፓምፕ ሁለት ቀን ካናፈስኩት በኋላ አስገባዋለሁ። የሚወጣው ውሃ ለቆስጣዬና ለጌሾዬ ይሄዳል፤ ከማዳበሪያ አያንስም።

ሊታረም ያልቻለው ጥፋት የወለል ማፍሰሻ አለመቀበሩ ነው። ኮይ ብዙ ይበላል፣ ብዙም ያስወጣል፤ ቆሻሻውም ወደ ታች ይወርዳል። ወለሉ ወደ መሐል አዘቅዝቆ ከሥሩ ወፍራም ቧንቧ ቢቀበርለት ኖሮ ቆሻሻው በራሱ ወደ ማጣሪያው ይሄድ ነበር። አሁን ወለሉን ሳያፈርሱ ማስገባት ስለማይቻል፣ በየአምስት ቀኑ በጎማ እየሳብኩ አወጣዋለሁ። ግንበኛው ስለዚህ ቢጠየቁ ኖሮ በግማሽ ቀን ይሠሩት እንደነበር አልጠራጠርም፤ ንድፉ ላይ ስላልነበረ ማንም አላነሳላቸውም።

ድርጅቱ ካቀረባቸው ነገሮች አንዱን በጽኑ ተቃውሜ መልሻለሁ። ውሃውን ያጠራል ተብሎ እምቦጭ በላስቲክ ሳፋ መጥቶልኝ ነበር። እውነት ነው፣ እምቦጭ ከውሃ ውስጥ ናይትሬት ይመጥጣል፤ ነገር ግን ጣናን ምን እንዳደረገው እያየን፣ የሐይቅና የአርዲቦ ውሆች በቅርብ ባሉበት አገር አንዲት ቅጠል እንኳ በጎርፍ እንድትወጣ ምክንያት መሆን አልፈልግም። በዚያው አንጻር፣ ኩሬ የጠበበው ሰው ዓሦቹን ቦርከና ወይም ሐይቅ ውስጥ እንዳይለቅ አደራ እላለሁ፤ ካርፕ የውሃን ወለል እየቆፈረ የሚመገብ ስለሆነ የጠራውን ውሃ ያደፈርሳል።

ምግብን በተመለከተ የተሰጠኝ ምክር የዶሮ መኖ ነበር፤ ውሃውን ስላደፈረሰው በሁለተኛው ሳምንት ተውኩት። ኮይ ጨጓራ የለውም፤ ጥቂት በጥቂቱ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ብቻ ሊሰጠው ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የውሃው ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ መመገብ አቆማለሁ።

እነዚህን ሰዎች ለሌላ ሰው እመክራለሁ ወይ ለሚለኝ፣ ለቁፋሮና ለግንብ ሥራ ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ለዓሣ አቅርቦትና ለክትትል ግን አሁን ባሉበት ሁኔታ አልመክርም። ዛሬ ኩሬዬ ውስጥ አሥራ አራት ዓሦች አሉ፤ ጎኗን ያዘነበለችው ዓሣ 30 ሳንቲ ሜትር አልፋለች፣ እጄን ውሃ ውስጥ ሳስገባ መጥታ ጣቴን በሪዟ ትዳስሳለች። ከመካከላቸው ሦስቱ ኮምቦልቻ ወደምትኖረው እህቴ ግቢ ይሄዳሉ። እሷም ኩሬውን የምታሠራው በእነዚሁ ሰዎች ነው፤ በውሉ ላይ ግን ዓሣ የሚገባው ፒኤቹ ለሁለት ሳምንት ከ8.5 በታች ሆኖ ሲለካ ብቻ እንደሆነ፣ የፓምፑም ክፍያ የሚፈጸመው በጀሪካን ተለክቶ እንደሆነ አስጽፈናል። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ሳየው ግንበኛው የወለሉን ማፍሰሻ ቧንቧ ቀብረው፣ አፉን በጨርቅ ደፍነው፣ ሲሚንቶ እስኪቦካ ይጠብቁ ነበር።