ደብረ ብርሃን ላይ «ሶስቱንም ሲስተም እንጭናለን» የሚሏችሁን ተጠንቀቁ

አሁን ከሱቁ መመለሴ ነው፣ ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው። እነዚህን ኮምፒውተር ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ፣ በር ላይ «ፎርማት፣ ሶፍትዌር፣ ፊልም» ብለው የለጠፉ፣ ውስጥ ደግሞ ልጆቹ አንድ ላፕቶፕ ላይ ተደፍተው ኳስ የሚያዩበት። ስም አልጠራም።

ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌር) የምሰራበት ዊንዶውስ 10 አለኝ፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ በኦክቶበር 2025 ድጋፉን ስላቆመ ለኢንተርኔት 11 ይጨመርልኝ፣ ለፓይተን (ፕሮግራሚንግ) ትምህርቴ ኡቡንቱ የሚባለው ሌላ ሲስተም፣ ስከፍተው መርጬ የምገባበት አርጉልኝ አልኩ። «ችግር የለም እናት፣ 1500 ነው፣ ማታ ትወስጂዋለሽ» አለኝ አንዱ ልጅ። ዲ (ሁለተኛው የዲስክ ክፍል) ላይ የሰው ሂሳብ አለ፣ የሸዋ ሮቢት ደንበኛዬ ሙሉ ፋይል እዛ ነው፣ እንዳትነካብኝ ስለው ስልኩን እየነካካ «እሺ እሺ» ነው መልሱ።

ማታ ከፍቶ አሳየኝ። ጥቁሩ የግረብ ገጽ (ሲስተም የሚመረጥበት) መጣ፣ ኡቡንቱ ይላል፣ ከስር ዊንዶውስ፣ እሱን ሲነካው ሰማያዊው ገጽ ላይ «ዊንዶውስ 10» እና «ዊንዶውስ 11» ተደርድረዋል። ብሩን በቴሌብር ላኩለት።

ቤት ገብቼ በ10 ከፈትኩና ዴስክቶፕ ላይ አንድ የኤክሴል ፋይል ሴቭ አደረግኩ። ሪስታርት አድርጌ በ11 ስገባ ያው ፋይል እዛው ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል! ሁለት የተለያየ ዊንዶውስ ከሆነ የአንዱ ዴስክቶፕ ሌላው ላይ ምን ይሰራል? ዎልፔፐሩ የ11 ነው፣ ስታርቱ ግን ግራ ጥግ ላይ። ዊንቨር (የትኛው ዊንዶውስ እንደሆነ የሚያሳየው ትዕዛዝ) ብዬ ጻፍኩ፣ 10 ይላል። በሌላኛው ገብቼ ደገምኩት፣ አሁንም 10። ልጁ ያንኑ አንዱን ዊንዶውስ ሜኑው ላይ ኮፒ አድርጎ ስሙን 11 ብሎታል በቃ፣ አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም። ዲ ደግሞ ጭራሽ የለም፣ ኡቡንቱውን የጫነው እሱ ላይ ነው።

ጠዋት በዛ ብርድ ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። 11 የታለ ስለው «ላፕቶፕሽ 11 አይችልም» አለኝ፣ ፍጥጥ ብሎ። ታዲያ ለምን 11 ብለህ ጻፍክበት?

«ደስ እንዲልሽ ብዬ ነዋ።»

ጓደኞቹ ሳቁ። አንዱማ «ለሴት ልጅ ሶስት ሲስተም ምን ያደርግላታል» ይላል እኔ እዛው ቆሜ እየሰማሁ። የዲን ነገር ሳነሳ «ኡቡንቱ አየር ላይ አይጫንም፣ ባክአፕ አለመያዝሽ የኔ ጥፋት ነው እንዴ?» አለኝ። ዊንዶውሱ ያለበት ሲ ላይ እኮ ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር! ከሱ ሽሪንክ አድርጎ (አሳንሶ) መቁረጥ ዊንዶውሱ ራሱ ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ያለው ነገር ነው። ኡቡንቱም ቢሆን ሲጫን የቱን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) እንደሚያጠፋ ሳይነግር አያልፍም፣ እያየ ነው የነካው። ብሬን መልስ ስለው «የሰራሁበትን ነው የተቀበልኩት» ብሎ ወደ ኳሱ ዞረ። ደረሰኝ ደግሞ አይታሰብም።

እንዲህ ልታስጭኑ ከሆነ ሳትከፍሉ በፊት እዛው ሱቁ ውስጥ እያንዳንዱን ክፈቱና ዊንቨር ብላችሁ እዩ፣ ፋይላችሁን ኤክስተርናል ላይ ሳትገለብጡ ላፕቶፑን ከእጃችሁ አታውጡ።

እኔ አጥፍቼ አስቀምጬዋለሁ፣ በከፈትኩት ቁጥር በጠፋው ፋይል ላይ ስለሚጽፍበት። ዲስኩ ኤስኤስዲ ስለሆነ ፋይሉን የማውጣቱ ተስፋ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ደብረ ብርሃንም ሆነ አዲስ አበባ ፋይል በማውጣት የምታምኑት ሰው ካለ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የሸዋ ሮቢቱ ሰውዬ እየደወለ ነው።