ሸዋ በር አካባቢ ያለው የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ እና የፓርቲ ሰነዶች መደርደሪያው

ሐረር ሸዋ በር አካባቢ የሚገኘው ይህ ጠባብ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ በልብ ወለድ ረገድ ከሌሎች የሚለይበት ነገር የለውም። የሚመሰገነው በውስጠኛው መደርደሪያ ባሉት የፓርቲ ፕሮግራሞችና የጉባኤ ሰነዶች ነው። ባለሱቁ ሰነዶቹን በፓርቲ ስም ሳይሆን በታተሙበት ዓመት ስለደረደሯቸው፣ የአንድ ድርጅት አቋምና ደጋፊ እንዴት እንደተለወጠ ለመከታተል የሚሻ አንባቢ ብዙ አይደክምም።

የኢሕአዴግን ሰነዶች በተርታ ያነበበ ሰው፣ በመጀመሪያዎቹ ላይ የግንባሩ ዋና መሠረት አርሶ አደሩ እንደነበረ ያስተውላል። ከ1993ቱ የሕወሓት መሰንጠቅና ከተሃድሶው ወዲህ ልማታዊ የሚባለው ባለሀብት እንደ አጋር ይቆጠራል፤ ግንባሩ በ1997ቱ ምርጫ አዲስ አበባን ካጣ በኋላ ደግሞ ወጣቶችን፣ ሴቶችንና የመንግሥት ሠራተኞችን በገፍ መመልመል ይዞ አባላቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሆነዋል። በእኔ እምነት፣ ከእነዚህ አባላት ብዙዎቹ የገቡት ለሥራና ለዕድገት እንጂ ለርዕዮተ ዓለም ስላልነበረ፣ በ2012 ብልጽግና ሲመሠረት የግንባሩ ርዕዮተ ዓለም አብዮታዊ ዲሞክራሲ «መደመር» ለተባለው የአዲሱ ፓርቲ አስተሳሰብ ቦታውን ሲለቅ ከሕወሓት በቀር አጥብቆ የተሟገተለት አልነበረም።

በዚያው ዓመት ከብልጽግና ጋር የተዋሐደው የሐረሪ ብሔራዊ ሊግ ሰነዶችም አሉ፤ ለሐረር አንባቢ ከሁሉም የሚጥሙት እነዚህ ይመስሉኛል። ከክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫዎች 14ቱ ለሐረሪ ብሔረሰብ የተለየው የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ሲሆኑ፣ ለእነዚህ ድምፅ የሚሰጡት ከክልሉ ውጭ በሌሎች የኢትዮጵያ አካባቢዎች የሚኖሩ ሐረሪዎችም ጭምር ስለሆኑ፣ የሊጉ መራጭ በጁገል አጥር የሚወሰን አልነበረም።

ጉድለቱ ግን ቀላል አይደለም። ሽፋናቸው የጠፋ ቅጂዎች ላይ ዓመቱ በእርሳስ የተጻፈ ሲሆን፣ 1990 የተባለው አንዱ ጥራዝ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስለ 1997ቱ ምርጫ ያወራል! የተቃዋሚዎች ሰነድ ከቅንጅት ጥቂት ወረቀቶች በቀር የለም ማለት ይቻላል፤ መደርደሪያውን ብቻ ያመነ ሰው የሚለወጠው ገዢ ፓርቲ ብቻ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ሰነዶቹ በማስያዣ ይከራያሉ፣ ፎቶ ኮፒም ይፈቀዳል። ከምሳ በኋላ የበርጫ ሰዓት ስለሆነ ሱቁ ይዘጋልና ጠዋት መሄድ ይሻላል።