የአርስቶትል «ስለ ነፍስ»፦ ቀጭን መጽሐፍ፣ ከባድ ንባብ

ያገለገለ የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው የገዛሁት። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ የግርጌ ማስታወሻው ደግሞ ይብሳል፤ ዓይን ያደክማል። ይዘቱ ግን ወርቅ ነው።

ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ከሱ በፊት የነበሩትን ፈላስፎች ይሞግታል፤ ለምሳሌ ነፍስ ከክብ አተሞች የተሠራች ናት ያለውን ዴሞክሪጦስን። ይሄን ቶሎ ቶሎ ብታልፉት ችግር የለውም። ሁለተኛው ላይ ግን ቆም በሉ። ነፍስ ሥጋ ውስጥ የገባች እንግዳ አይደለችም ይላል፣ ሕይወት ያለው አካል ቅርጽ ናት እንጂ፤ ቅርጽ ሲል መልኩን ሳይሆን አካሉን ሕያው የሚያደርገውን አሠራር ማለቱ ነው። ዓይን ራሱን የቻለ እንስሳ ቢሆን ኖሮ ነፍሱ ማየት ትሆን ነበር! እዚህ ጋ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ነፍስ ሲባል የሚታየኝ ከእስትንፋስ ጋር ውልቅ ብላ የምትሄድ ነገር ነበረች፣ ነፍስ ማለት የሆነው የግሪኩ ቃል ፕሲኬም መነሻው እስትንፋስ ነው።

ስለ ንዴት የጻፈውም ግሩም ነው። ተፈጥሮን የሚያጠናው ሰው ንዴት በልብ ዙሪያ የደም መፍላት ነው ይላል፣ በክርክር ትርጉም የሚፈልገው ደግሞ የበቀል ፍላጎት ነው ይላል፤ ለአርስቶትል ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አእምሮ አንጎሉ ነው ወይስ የሚሠራው ሥራ የሚለው የዛሬ ክርክር ከዚህ ብዙም አልራቀም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፎቹ ሂላሪ ፑትናምና ማርታ ኑስባውም አእምሮን በሚሠራው ሥራ እንረዳው ከሚለው ወገን ሆነው አርስቶትልን ከጎናቸው አሰልፈውታል፤ ሌላው ፈላስፋ ማይልስ በርንየት ደግሞ አርስቶትል ስለ አካል ያለው አመለካከት ለእኛ አይሆንም ብሎ ሞግቷቸዋል። እኔ ከነፑትናም ጋር ነኝ።

የሦስተኛው ክፍል ምዕራፍ 5 በጣም አጭር ነው፣ ግን ራስ ያዞራል። ከአካል ስለሚለይ አእምሮ ያነሳና ሳያብራራ ያልፋል። ጀማሪ ከሆናችሁ ከሁለተኛው ክፍል ጀምሩ። አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት በፊደሉ ነው።