ባለ 24 ቮልት 100 አምፒር-አወር ሊቲየም ባትሪ፦ ከ14 ወር በኋላ

ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። ባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ ባለ ቤት ከ3 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት 220 ቮልት የሚቀይር መሣሪያ) ጋር ይሠራል። ሶላር የለውም፤ የሚሞላው ከመስመር ብቻ ነው።

ላዩ ላይ የተጻፈው የሚይዘው ኃይል 2,560 ዋት-አወር (ዋት ሲባዛ በሰዓት) ነው። 10 ከመቶውን አለመንካት ስለሚሻል የሚሠራበት 2,300 ገደማ ይሆናል። መብራት ለ10 ሰዓት ያህል ቢጠፋ የሚፈጀው በዋት-አወር፦ ፍሪጅ በአማካይ 50 ዋት (ሞተሩ ሲሠራ 110 ይወስዳል፣ ከግማሽ በላይ ጊዜ ግን ያርፋል) 500፤ ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት 270፤ ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 320፤ ራውተር 100፤ ስልክና ላፕቶፕ 100። ድምሩ 1,290፣ ኢንቨርተሩ ሲቀይር የሚያባክነው ሲታከል 1,430። ብዙ ሰው የሚረሳው ቀጣዩን ነው፦ ኢንቨርተሩ ምንም ባይሰካበት እንኳ ራሱ 35 ዋት ይበላል። በ10 ሰዓት 350 ማለት ነው፤ ከአምፖሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ጠቅላላው 1,780፤ ለ3 ሰዓት የሚሆን ትርፍ ይቀራል። ምጣድ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ በራሱ ብሬከር ከኢንቨርተሩ ውጭ ይቅር።

በጄል (የአሲድ ባትሪ ዓይነት ነው) ቢሆን ከግማሽ በታች ማውረድ ስለሚጎዳው ሁለት ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር-አወር ያስፈልግ ነበር። ጄል ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። የሚያዝያን ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለባሕር ዳር ሰው ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ያስቸገረው ባትሪው አይደለም፣ የመስመሩ ቮልቴጅ ነው። ማታ ሰፈሩ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ከ170 በታች ይወርዳል። ኢንቨርተሩ በ«ዩፒኤስ» ሞድ ከሆነ ይህን እንደ ጠፋ መብራት ቆጥሮ ወደ ባትሪ ይዞራል። ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት እንዲህ ከሠራ፣ መብራቱ የእውነት ሲጠፋ የቀረው 70 ከመቶ ነው። «አፕላያንስ» ሞድ እስከ 90 ቮልት ስለሚቀበል ባትሪውን ያድናል፤ ግን ያንኑ ደካማ ቮልቴጅ ለፍሪጁ ያሳልፋል፣ ሞተሩም ይግላል። መላው ከኢንቨርተሩ በፊት ስታቢላይዘር (የመስመሩን ቮልቴጅ የሚያስተካክል መሣሪያ) ማስገባት ነው፤ የቤቱን ጭነትና ቻርጀሩ በ30 አምፒር የሚወስደውን ቢያንስ 840 ዋት አንድ ላይ መቻል አለበት። በ30 አምፒር ከባዶ እስከ ሙሉ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል።

ኢንቨርተሩ ሲመጣ ለአሲድ ባትሪ የተስተካከለ ነበር። መሙያው 28.4፣ ፍሎቱ (ከሞላ በኋላ የሚቆይበት) 27.0፣ መቁረጫው (ኢንቨርተሩ ከባትሪው መሳብ የሚያቆምበት) 24.8 ቮልት ሆነ፤ ኢኳላይዜሽን (ለአሲድ ባትሪ ብቻ የሚሆን ከፍ ባለ ቮልቴጅ መሙላት) ተዘጋ። መቁረጫውን 21 ላይ መተው አደጋ አለው፦ የባትሪው ቢኤምኤስ (ውስጡ ያለው የመከላከያ ሰርኪት) ቀድሞ ሊቆርጥ ይችላል፣ ከዚያ ቻርጀሩ «ባትሪ የለም» ብሎ አልሞላም ሊል ይችላል።

ስክሪኑ ላይ ያለውን ፐርሰንት አትመኑ። የሊቲየም ቮልቴጅ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ይቆይና መጨረሻ ላይ ድንገት ይወድቃል። ሹንት ያለው መለኪያ (የሚገባና የሚወጣውን አምፒር የሚቆጥር) ይግዙ፤ በእሱ ሲለካ አዲስ ሳለ 98 አምፒር-አወር የሰጠው ባትሪ አሁን 95 ይሰጣል።

ከክረምት በኋላ ከባትሪው የአንዱ ጫፍ ብሎን ላልቶ ገመዱ ይሞቅ ነበር፣ አረንጓዴ ዝገትም ይዟል። ባትሪውን በብሬከሩ አጥፍቶ ማጽዳት፣ ማጥበቅ፣ ከዚያ ቫዝሊን በስሱ መቀባት፤ ከማጥበቅ በፊት ግን አይቀባም።