ሃርድ ዲስክ ከመሸጣችሁ በፊት፦ የትኛው ማጥፊያ ይሻላል?

ደብረ ብርሃን ላይ ያገለገለ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ሻጩ «ፎርማት ተደርጓል፣ ባዶ ነው» አለኝ። ስከፍተው እውነትም ባዶ ነው። ማታ ፎቶሬክ የሚባለውን የጠፋ ፋይል የሚመልስ ነፃ ፕሮግራም ለቀቅኩበትና ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ። ጠዋት የማላውቃቸው ሰዎች ሰርግ፣ የአንዲት ተማሪ ውጤትና የመታወቂያ ኮፒ ተደርድሮ ጠበቀኝ።

ዲሊት ማድረግም ሆነ ኩዊክ ፎርማት የመጋዘኑን መዝገብ መቅደድ ነው። እህሉ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ እነዚህን ሁለቱን ከምርጫ አውጧቸው።

ሌላውን ከማወዳደራችን በፊት ማሽናችሁ ውስጥ ያለው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው ወይስ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ በቺፕ የሚሠራው)? የዊንዶውሱን ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ የሚለው ጋ ብታዩ ይነግራችኋል። ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው አይሆንም።

የሚሽከረከር ከሆነ ቀላል ነው። በድሮው መረጃ ላይ ዜሮ መጻፍ ይበቃል። ዊንዶውስ ከቪስታ ወዲህ «ኩዊክ» የሚለውን ምልክት አንስታችሁ ፎርማት ስታደርጉ ይህንኑ ያደርጋል። ግን የሚያጸዳው አንዱን ፓርቲሽን (የዲስኩን አንድ ክፍል) ብቻ ነው። ዲስክፓርት በሚባለው የዊንዶውስ የትእዛዝ መሣሪያ ላይ «ክሊን ኦል» ማለት ዲስኩን በሙሉ ያጸዳል፤ ብቻ የዲስክ ቁጥር ተሳስታችሁ የራሳችሁን እንዳታጠፉ! እኔ የምመርጠው ሽሬድኦኤስ የሚባለውን ዲስክ ማጥፊያ ነው። ነፃ ነው፣ ከፍላሽ ይነሳል፣ ውስጡ ያለው ኤንዋይፕ የተባለ ፕሮግራም የጻፈውን መልሶ ያረጋግጣል። 500 ጊጋባይት በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢጻፍ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። መብራት ከሄደ እንደገና መጀመር ነው፣ ሌላ ጉዳት የለውም።

«35 ጊዜ ካልተደገመ አይጠፋም» የሚሉ አሉ። ነገሩ የመጣው ከኮምፒውተር ተመራማሪው ፒተር ጉትማን የ1996 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ ነው፣ ያኔ ለነበሩት ዲስኮች። እሱ ራሱ በኋላ ለአሁን ዘመን ዲስክ 35ቱንም መደጋገም ትርጉም የለውም ብሏል። አንድ ጊዜ ይበቃል። ጊዜያችሁን አታቃጥሉ።

ኤስኤስዲ ላይ ግን ዜሮ መጻፍ አያስተማምንም። ዕድሜው እንዲረዝም ብሎ ጽሑፉን ወዲያና ወዲህ ያዘዋውራል፣ ለእናንተ የማያሳየው ትርፍ ቦታም አለው። የድሮ ፋይል እዚያ ሊቀር ይችላል። እዚህ ጋ የሚሻለው ሴኪዩር ኢሬዝ ነው፦ ዲስኩ ራሱ ራሱን እንዲያጠፋ ማዘዝ። በአንዳንድ ላፕቶፖች ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ይገኛል፤ ካልሆነ የአምራቹ ፕሮግራም አለ፣ ለሳምሰንግ ማጂሺያን፣ ለክሩሻል ስቶሬጅ ኤግዘኪዩቲቭ። ብዙ ጊዜ ከደቂቃዎች አያልፍም። ነገር ግን መሀል ላይ ኃይል ቢቋረጥ ዲስኩ በፓስወርድ እንደተቆለፈ ሊቀር ይችላል። የእኛን መብራት ስለምታውቁት የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ይሁን፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) አትሞክሩት።

ገና አዲስ ለገዛ ሰው ደግሞ ከሁሉም የሚቀለው ከመጀመሪያው ቀን ዲስኩን በዊንዶውሱ ቢትሎከር ወይም በነፃው ቬራክሪፕት መቆለፍ ነው፤ ጽሑፉን ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ አድርገው ይመሰጥሩታል። ስትሸጡት ቁልፉ ከጠፋ ውስጡ ያለው ለማንም አይነበብም። ለፍላሽና ለሜሞሪ ካርድም የምመክረው ይህንኑ ነው፣ እነሱ ሴኪዩር ኢሬዝ አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም።

እንደ ብላንኮ ያሉት የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች ልዩነታቸው የጠፋበትን ማረጋገጫ ወረቀት መስጠታቸው ነው። ኦዲት ላለበት መሥሪያ ቤት ይጠቅማል። ለግል ላፕቶፕ ብር ማባከን ነው።

የተበላሸና የማይነሳ ዲስክ ከሆነ መዶሻ ነው። የላፕቶፕ ዲስክ ውስጡ ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆነ ይበታተናል፣ ዓይናችሁን ሸፍኑ። ኤስኤስዲ ከሆነ ጥቁር ጥቁር ቺፖቹ ራሳቸው መሰበር አለባቸው። ማግኔት ኤስኤስዲን ምንም አያደርገውም።

የሚሠራውን ግን አጥፍታችሁ ስትጨርሱ ፎቶሬክን አንድ ሌሊት ልቀቁበት። ጠዋት ምንም ካላገኘ ሽጡት።