ኧርሊ ዲሲዥን ወይስ ኧርሊ አክሽን?

አሜሪካ ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ማመልከት የሚፈልግ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ዋና መንገድ አለው፦ ኧርሊ ዲሲዥን (ባጭሩ ዲሲዥን) እና ኧርሊ አክሽን (ባጭሩ አክሽን)። ቀነ ገደቡ በሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 1 ወይም 15 ነው።

ግዴታ፦ ዲሲዥን ያስራል፤ ተማሪው ከተቀበሉት እዚያው ይገባል ማለት ነው። ተማሪው፣ ወላጅና የትምህርት ቤቱ አማካሪ ስምምነቱን ይፈርማሉ፤ ከተቀበሉት ሌሎቹን ማመልከቻዎች ያነሳል። ወላጆች፣ እባካችሁ ልጁ ስላቀረበላችሁ ብቻ አትፈርሙ፤ አንብቡት። አክሽን አያስርም፤ እስከ ሜይ 1 ማሰብ ይቻላል። ሃርቫርድና ዬል ግን አክሽናቸው ገደብ አለው፤ በአብዛኛው ለሌላ የግል ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ማመልከት አይፈቅዱም።

ገንዘብ፦ ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው። በዲሲዥን የገባ ልጅ የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎችን የገንዘብ እርዳታ አያወዳድርም። እርዳታው ካልበቃ መውጣት ይቻላል፤ ያኔ ግን ለሌሎቹ ለማመልከት የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ሳትፈርሙ በፊት ታክስ ያስገባችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ያለውን የወጪ ማስያ ሙሉ።

ውጤት፦ ሁለቱም በዋናነት የሚያዩት እስከ 11ኛ ክፍል ያለውን ነው። ዘንድሮ ገና እየተሻሻለ ላለ ልጅ ቆይቶ የሚመጣው መደበኛው የማመልከቻ ዙር ይሻላል።

ውጤቱ ጠንካራ፣ ልቡ አንድ ቦታ የቆረጠ፣ ወጪውንም ቤተሰቡ የሚችልለት ከሆነ ዲሲዥን ያዋጣዋል። ስኮላርሺፕ አወዳድሮ ለሚመርጥ አክሽን ይሻላል።